ጎንበስ ያልኩበት እሁድ

ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ክብሪት በሚል ስም ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ከባንክ ሠራተኞችና ከአንዲት አክስቴ በቀር የሚጠራው የለም። ክብሪት ያሉኝ ጋሽ ሜትር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የኋላውን ስትሰሙ ስሜን እንኳ ያገኘሁት ከሳቸው መሆኑን እንድታውቁ ብዬ ነው።

ጋሽ ሜትር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሥራ ቀን የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ትልቅ ክፍል ከሠላሳ የስፌት መኪና መሃል ተቀምጠው ይውላሉ፤ ቅዳሜና እሁድ መድረክ ላይ ወጥተው ሰው ያስቃሉ። የመጀመሪያ ቀን ከሥራ እየሮጡ ስለመጡ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ወጡ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ተመልካቹ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ያለ ሜትር መድረክ ወጥተው አያውቁም፤ ስሙም በዚያው ቀረ። በማንም መልክ፣ በማንም አነጋገር አላሾፉም። ቀልዳቸው ሁሉ ከመቀስና ከክር የሚወጣ ነበር። «በሬዲዮ ሰፊው ሕዝብ፣ ሰፊው ሕዝብ ሲሉ እሰማለሁ። ደነገጥኩ። ሕዝቡ ሁሉ ሰፊ ከሆነ የሚያሰፋው ማን ሊሆን ነው?» ብለው ሲጀምሩ አዳራሹ ይናጋ ነበር።

የተዋወቅነው ከዛሬ አሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በአንድ የቀለም ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ለዓመቱ መጨረሻ የሠራተኞች ስብሰባ ጋሽ ሜትር ተጋብዘው መጡ። ከሳቸው በፊት ሰዓት እንድሞላ ተብዬ ወጣሁና በግምጃ ቤቱ ኃላፊ ላይ ሦስት ቀልድ ቀለድኩ። ኃላፊው ራሱ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ስወርድ ጋሽ ሜትር በጣታቸው ጠሩኝ።

«ስምህ ማን ነው?»

ነገርኳቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ይሄ የመዝገብ ቤት ስም ነው። አንተ ቶሎ ትነዳለህ፣ ቶሎ ትጠፋለህ። ክብሪት ብዬሃለሁ። መንደዱን ትችልበታለህ፤ አለመጥፋቱን አብረን እናያለን።»

ሦስት ዓመት አብሬያቸው ዞርኩ። በአውቶቡስ ሄደን፣ በርካሽ አልጋ አድረን፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በፋብሪካ ካፌ፣ አንዴም ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ሠርተናል። እኔ አሥር ደቂቃ አሟሙቃለሁ፣ እሳቸው አንድ ሰዓት ይሠራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ ናቸው። ትንሽ የቴፕ መቅረጫ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከመጀመሩ በፊት ቀኑንና የአዳራሹን ስም በቀስታ ይናገሩበትና ቁልፉን ይጫናሉ። ጋሽ ሜትር በማግስቱ መኪናቸው ላይ ሆነው ያንን ካሴት ይሰማሉ። ሳቅ ያነሰበትን ቦታ እንደ ጠበበ እጀታ ይፈቱታል። «ቀልድ ስትሰፋ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ተውለት» ይሉኝ ነበር። «ሰው ይወፍራል፤ ቀልዱም አብሮት መስፋት አለበት።»

ከቀልዶቻቸው ሁሉ አንዱን አብልጬ እወደው ነበር። እንዲህ ነው የሚጀምረው።

«ሰውዬው ሱፍ ሊያሰፋ መጣ። ወገቡን ልለካ ሜትሩን ሳዞር ትንፋሹን ሳበ። ሆዱ ጠፋ። የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ሰማንያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ መጣ፤ ሱሪው አልዘጋ አለው። ‹አጠበብክብኝ› አለኝ። ‹ጌታዬ፣ እኔ የሰፋሁት ባለፈው ሳምንት ለመጡት ሰውዬ ነው። እባክዎ ይጥሩልኝ፣ ልብሳቸው ደርሷል።›»

እዚህ ላይ አዳራሹ ይፈነዳል። እሳቸው ግን አይጨርሱም። ሳቁ እስኪበርድ ሜትሩን ቀስ ብለው እየጠቀለሉ ይጠብቃሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ለልጄ ምርቃት ለራሴ ሱፍ ልሰፋ ተነሳሁ። ራስን መለካት አይቻልም። ሚስቴን ነይ ለኪኝ አልኳት። ሜትሩ ወገቤን ሲነካ፣ ለካ እኔም ስቤዋለሁ። ቀና ብላ አየችኝና ‹ልቀቀው፤ እኔ ነኝ› አለችኝ።»

ሳቁ እዚህ ላይ መልኩን ይለውጣል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ባልና ሚስት ይተያያሉ። አንዳንዱ ወንድ ሳያውቀው ሆዱን ይለቃል፤ ወንበሩ ሲንቋቋ እሰማ ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የቀልደኞች ውድድር አወጣ። ተመዘገብኩ። አምስት ደቂቃ ሙላ ተባልኩ፤ እኔ የሚያስተማምን አራት ደቂቃ ነበረኝ። በልምምድ ቀን አምስተኛዋን ደቂቃ ምን እንደማደርጋት ሳላውቅ ቀረሁ። በዋናው ቀን መድረክ ላይ ቆሜ አፌ በራሱ «ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለኝ» አለ። አፌ በራሱ አለ ስል ራሴን እያታለልኩ ነው። ከቤት ስወጣ በመታጠቢያው መስታወት ፊት ሁለት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።

የሚስትየዋን ክፍል አልነካሁትም። ሰዓት አልበቃኝም፣ ሚስትም አልነበረኝም። «ልብሳቸው ደርሷል» ላይ ስደርስ ዳኞቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። አሸነፍኩ። ያቺ አንድ ደቂቃ ከስልክ ስልክ ዞረች፤ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ «ሰማንያ ሁለት» ይለኝ ጀመር። የራሴ ፕሮግራም ተሰጠኝ።

ከውድድሩ በአራተኛው ቀን ጋሽ ሜትር ጋ ሄድኩ። ያኔ ከደንብ ልብስ ስፌቱ ወጥተው የራሳቸውን ትንሽ ሱቅ ከፍተው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው ይቆርጣሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ ደጃፉ ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ።

«አየሁት» አሉ፣ መቀሱን ሳያቆሙ። «ጥሩ ተናግረኸዋል። ቸኮልክ እንጂ።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። እትዬ ከጀርባ ካለችው ክፍል ወጥተው አዩኝና፣ ሰላም ሳይሉኝ ተመለሱ። እኔም ወጣሁ። ሌባ አለማለታቸውን «መረቁልኝ» ብዬ ተረጎምኩት። እሳቸው ያንን ቀልድ ከዚያ ቀን በኋላ በአደባባይ አልተናገሩትም። ይህንንም «ለኔ ለቀቁልኝ» ብዬ ተረጎምኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔን ግን አሥራ አንድ ዓመት አድምቆኛል። እትዬ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ለቀብር ሄጄ፣ ሰው ፎቶ አብሮኝ ሊነሳ ስላስቸገረኝ ቶሎ ወጣሁ።

ዘንድሮ የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ደወለልኝ። የጋሽ ሜትርን አርባኛ የመድረክ ዓመት እሁድ ከሰዓት ሊያከብሩ ነው፤ ጋሽ ሜትር ከዚያ በኋላ ትልቅ መድረክ እንደማይወጡ ተናግረዋል። ዝግጅቱን የምመራውና ስለ ሥራቸው የምናገረው እኔ እንድሆን ተፈልጓል።

«ከርስዎ የተሻለ ማን ያውቃቸዋል?» አለኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ እሺ አልኩ።

ልጃቸው፣ አሁን ሱቁን የምታስተዳድረው፣ አንድ ትልቅ የጉዞ ቦርሳ ይዛ ቤቴ መጣች። ውስጡ ስልሳ ምናምን ካሴት፣ ጥቂት ሲዲዎችና አንድ አሮጌ ስልክ አለ።

«አባዬ አያውቅም» አለችኝ። «ስለሱ ልትናገር ከሆነ ግን በደንብ ሰምተህ ተናገር። ክሮቹ እንዳይበጠሱ ተጠንቀቅ ወንድሜ።»

ካሴት ማጫወቻ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ተዋስኩ። ዘጠኝ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የጓዳዬን በር ዘግቼ ሰማሁ። ጋሽ ሜትርን የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር። እኔ የማውቀው ሦስት ዓመታቸውን ብቻ ነበር ለካ።

በመጀመሪያዎቹ ካሴቶች አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ነው የሚያወሩት። አንድ ቃል በሚበቃበት ስድስት ይደረድራሉ፣ ሳቁ ሳያልቅ ቀጣዩን ይጀምራሉ። ከዓመት ዓመት ቃሉ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ የቁልፍ ቀልድ አላቸው፤ መንገድ ላይ የሚያምር ቁልፍ አግኝቶ «ለዚህ ኮት ስፋልኝ» ስለሚል ደንበኛ ነው። በሦስተኛው ዓመት ካሴት ላይ ሦስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በሃያኛው ዓመት አርባ ሰከንድ። በሠላሳኛው ዓመት ግን ድምፅ የለም፤ ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ሲያሳዩ ይመስለኛል፣ ሰው ሲጠባበቅ ይሰማል፣ ከዚያ «ኮት አምሮታል» ይላሉ። በቃ። አዳራሹ ለአንድ ደቂቃ አልተረጋጋም። እኔ በቴሌቪዥን በሳምንት ሃያ ቀልድ እናገራለሁ፤ አንዷን ግን ሠላሳ ዓመት ይዣት አላውቅም፣ ሠላሳ ቀንም አልያዝኳት።

ያልሳቁላቸውም ቀን አለ። በአንዱ ካሴት ላይ የሚሰማው ሳልና የወንበር ድምፅ ብቻ ነው። ሰዓታቸውን ጨርሰው «ዛሬ ልኬት ስቻለሁ፤ ጨርቁ የናንተ ነው፣ ስህተቱ የኔ» ብለው ወረዱ። በማግስቱ ካሴት ላይ ያው ቀልድ ተፈትቶ እንደ አዲስ ተሰፍቶ ይሰማል። እኔ ሰው ካልሳቀ ድምፅ ባለሙያውን ነው የምቆጣው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በየካሴቱ ላይ፣ ከሁሉ ቀድሞ፣ ለመቅረጫው ቅርብ የሆነ የሴት ሳቅ አለ። አጭር ነው፤ በአፍንጫ ተጀምሮ በአፍ ያልቃል። እትዬ ነበሩ። ስንት ጊዜ የሰሙትን ቀልድ፣ ገና ቃሉ ሳይወጣ፣ ሊወጣ እንደሆነ አውቀው ይስቃሉ። አዳራሹ የሚከተለው እሳቸውን ነው። ከዚያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ የተቀዳው ካሴት ላይ ስደርስ ያ ሳቅ የለም። ቀኑን የሚናገረው ራሳቸው ጋሽ ሜትር ናቸው። ቀልዱ ያው ጥሩ ነው፤ ሰውም ይስቃል። ግን ከያንዳንዱ ቀልድ ፊት እሳቸው ለቅጽበት ያህል ይዘገያሉ፤ የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስላል።

አሮጌው ስልክ ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ የተቀረጸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ተመልካች የለም። የቧንቧ ውሃ ጠብ ሲል ይሰማል። ጋሽ ሜትር ለብቻቸው ይለማመዳሉ። ሰውዬው ሱፍ ሊያሰፋ ይመጣል። ሚስትየዋ «ልቀቀው፤ እኔ ነኝ» ትላለች። ከዚያ እኔ የማላውቀው ክፍል መጣ።

«ካረፈች በኋላ ሱፉ ሰፋኝ። ላጠበው ብዬ ሜትሩን በራሴ ወገብ ላይ አዞርኩ። ከልማድ ትንፋሼን ሳብኩ። ጠበቅሁ። ልቀቀው የሚለኝ የለም። ይኸው እንደያዝኩት ነው።»

ከዚያ ለራሳቸው፣ «‹እስከ ዛሬ እንደያዝኩት ነው›... አይ። ‹ይኸው› ይሻላል» አሉና ደገሙት። አራት ጊዜ ደገሙት።

ለእሁድ እያዘጋጁት መሆኑን አወቅሁ። አሥራ አንድ ዓመት የተዉትን ቀልድ ለመጨረሻው መድረክ ሊያወጡት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ያንን ቀልድ የማን ብሎ እንደሚያውቀው አውቃለሁ። ስለዚህ የመግቢያ ንግግሬ ላይ፣ በሁለተኛው አንቀጽ፣ በራሴ እጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እኔ የታወቅሁበት የልብስ ሰፊው ቀልድ የሳቸው ነው፤ ሳልጠይቅ ወስጄዋለሁ።» አሥራ ሦስት ጊዜ ያህል ጮክ ብዬ አነበብኩት። መናገር እንደምችል እርግጠኛ ነበርኩ።

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በደረጃው ላይ ተቀምጧል። ወጣሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ስለ ቁልፉ ቀልድ ተናገርኩ፣ ስላልሳቁላቸው ቀን ተናገርኩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። የጣቢያዬ ኃላፊ ከነባለቤቱ ፊት ረድፍ ተቀምጧል። የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል። ዓይኔ ያቺን መስመር ዘለለና ቀጣዩን አነበበ። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። «ክቡራትና ክቡራን፣ ጋሽ ሜትር» አልኩና ማይክራፎኔን እንደያዝኩ ወደ መጋረጃው ጥግ ሄጄ ቆምኩ።

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆመው ሠሩ። በካሴት የሰማሁት ሁሉ እዚያ ነበር፤ የተጣለው ቃል፣ የተተወው ዝምታ፣ እጃቸው ሜትሩን ሲዳስስ የሚሰጡት ፋታ። ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቆሞ ዕንባውን በክንዱ ይጠርጋል። ከዚያ ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ።

«ሰውዬው ሱፍ ሊያሰፋ መጣ» አሉ።

ሰው አጉረመረመ። ሰውዬው ትንፋሹን የሚስብበት ላይ ሲደርሱ፣ ከመሃል ረድፍ አንድ ሰው፣ በክፋት ሳይሆን በወዳጅነት፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው የክብሪት ነው» አለ። በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ሌላዋ «እሱ አውርቶታል» አለች። ከኋላ «ሰማንያ ሁለት» የሚል መጣ፤ ተጨበጨበ።

ጋሽ ሜትር አቆሙ። ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ሳይሆን ወደኔ፣ ወደ መጋረጃው ጥግ አዞሩ። ማይክራፎኔ በእጄ ነው፤ ክፍት ነው። አውራ ጣቴ ሲነካው የፈጠረው ድምፅ በአዳራሹ ተሰምቷል። ሦስት ትንፋሽ ያህል ጠበቁኝ። «የሳቸው ነው» ሁለት ቃል ናት። አልተናገርኳትም።

ፈገግ አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ለካ የሱ ነው። ይቅርታ ክብሪት። ሲያረጁ የሰውና የራስ ይደባለቃል።»

አዳራሹ በፍቅር ሳቀ። ከዚያ ጭብጨባው ወደኔ ዞረ፤ ስሜን እየጠሩ። እኔም ከመጋረጃው ሁለት እርምጃ ወጣሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ ጎንበስ አልኩ።

ጋሽ ሜትር ሌላ አጭር ቀልድ ተናግረው፣ ከተያዘላቸው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድመው ጨረሱ።

በኋላ በኩል ባለው ኮሪደር ልጃቸው የአበባ እቅፍ ታቅፋ ቆማ አገኘኋት። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ቦርሳውን ነገ ይመልሱልኝ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የምትለኝ።

በማግስቱ ቦርሳውን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ተቀብላኝ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረችና ወደ ጓዳ ይዛ ገባች። ጋሽ ሜትር የአንድ ሱሪ ጫፍ እያጠፉ ነበር። ወንበር አላሳዩኝም፤ እኔም አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ለየትኛው?»

ስንት እንደሆነ እኔም አልቆጠርኩትም ነበር።

«ለምን ጎንበስ አልክ?» አሉኝ። «ዝም ማለትህ ገብቶኛል። ሰው ይፈራል። ጎንበስ ማለትህን ነው ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት።»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ታውቃለህ።»

መርፌያቸው ሁለቴ ገብታ ወጣች።

«ሲጨበጨብልኝ ደስ አለኝ» አልኩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ» አሉ። «ይቺ እንኳ እውነት ናት።»

ትንሽ ቆይቼ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስመጣ ለምን እንዳልተቆጡኝ ጠየቅኋቸው።

«እናቷ ተናዳ ነበር» አሉ ልጃቸው ወዳለችበት ጓዳ እያዩ። «ልደውልና ልክ ልኩን ልንገረው ስትል ተይው አልኳት። ራሱ ይመጣል፣ ራሱ ይናገራል አልኳት። ይመጣል፣ ይመጣል ስላት እሷ ሄደች። እሷ ልክ ነበረች፤ አሁን ይሄን እንዳልነግራት የለችም።»

በዚያው ሳምንት ፕሮግራሜ ላይ፣ ተመልካች ፊት፣ ወጥቼ ተናገርኩ። «የልብስ ሰፊውን ቀልድ ከጋሽ ሜትር ሰርቄዋለሁ» አልኩ። ሳቁ። የምሬን ነው አልኩ። ይበልጥ ሳቁ። በአሥራ አራት ዓመት የቀልድ ሥራዬ ፊቴን እንዴት እንደማደርገው የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ የምር ፊቴን አያውቁትም። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ በጽሑፍ አወጣሁት። የመጣው መልስ ከሳቁ የባሰ ነበር። «ለሽማግሌው ክብር ሲል የራሱን ቀልድ ሰጠ» ተባለ። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው» አሉኝ። አንዲት ሴትዮ ሱፐርማርኬት ውስጥ እጄን ይዛ መረቀችኝ። ጥፋቴን በተናዘዝኩ ቁጥር ክብር ይጨመርልኝ ጀመር።

ተመልሼ ሱቁ ሄድኩና ልጃቸውን ለመንኳት፤ ቀኑ የተነገረበት አንድ ካሴት ብትሰጠኝ በፕሮግራሜ ላይ አሰማዋለሁ፣ ያን ጊዜ ሰው ያምናል አልኳት።

«አይሆንም» አለች። «የእናቴ ድምፅ አለበት። ከርስዎ ጋር አንድ ቦታ እንዲሰማ አልፈልግም።»

ትክክል ስለነበረች ልወጣ ዞርኩ። ጋሽ ሜትር ከመኪናቸው ላይ ሳይነሱ «አንዱን ስጪው» አሏት። «የተመረቅሽበትን ዓመት።»

«አባዬ...»

«ለሱ ብዬ አይደለም። እሱ ግማሹን ወስዶ አገሩ ሁሉ ግማሹን ነው የሚያውቀው። የእናትሽን ቃል የሰማ የለም። ግማሽ ኮት ለብሶ የሚዞር አገር ደስ አይለኝም።»

ካሴቱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ አለው፤ እኔ ጋሽ ሜትርን ከማወቄ አምስት ዓመት ይቀድማል። በፕሮግራሜ ላይ ምንም ሳልናገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማሁት። እትዬ ቀኑን ይናገራሉ። ሰውዬው ትንፋሹን ይስባል። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ሳቅ ይመጣል። «ልቀቀው፤ እኔ ነኝ» ሲባል ስቱዲዮው ውስጥ ያሉት ሰዎች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደኔ መመልከት ጀመሩ። ያን ጊዜ ገባቸው።

ስድቡ በዚያው ቀን ጀመረ። ሲመጣ ይቀለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልቀለለኝም። የጣቢያው ኃላፊ ፕሮግራሙን ብዙም ሳይቆይ ዘጋው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ምክንያቱ የተመልካች ቁጥር ነው አለኝ። አሁን ለአንድ ማስታወቂያ ድርጅት ጽሑፍ እጽፋለሁ። መንገድ ላይ «ሰማንያ ሁለት» የሚለኝ አልፎ አልፎ አለ፤ አነጋገሩ ግን ሌላ ሆኗል።

ባለፈው ወር የጡረተኞች ማኅበር በአዳራሹ ጋሽ ሜትርን ለአንድ ሰዓት እንደጋበዘ ሰማሁ። ትልቁን መድረክ ተውኩ እንጂ ትንሹን አልተውኩም ብለዋል አሉ። ረቡዕ ከሰዓት ነበር፤ ስልሳ የሚሆን ሰው። ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥኩ። ስለ ጉልበታቸው አዲስ ቀልድ አላቸው፤ ገና ጥሬ ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ይንዛዛል። ሰው ግን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያንን ቀልድ ይናገሩት እንደሆነ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ፤ አልተናገሩትም። ሜትሩንም ከአንገታቸው አላወረዱም።

ሰው ሲወጣ ልጃቸው መቅረጫ ስልኳን እያጠፋች ባጠገቤ አለፈች። ቆም ብላ አየችኝ።

«መጡ እንዴ?»

«መጣሁ።»

አዳራሹን ዞራ አየችው። ማኅበሩ የሠራተኛ እጥረት አለበት መሰለኝ፤ ከሷ በቀር ወንበር የሚያነሳ አልነበረም።

«ወንበሮቹ እዚያ ጥግ ነው የሚደረደሩት» አለችኝ። «ስምንት ስምንት አድርገው ይደርድሯቸው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይወድቃሉ።»

ኮቴን አውልቄ መደርደር ጀመርኩ።